ለሽመላዎቹ የተላከው ልጅ

ቴልፎርድ፣ ካንሳስ
ኦክቶበር 3 ቀን 1985

ለተከበሩ ወይዘሮ ኦዴሳ ቲለሪ
ኮልደር፣ ሚሲሲፒ

ይህ ደብዳቤ እርስዎም ላቬልም በጤና ሳላችሁ ይድረስልኝ። እኔ በደህና ገብቻለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ስለ መኪናዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግቢዎ በዝናብ መራሱን እያየሁ በሣሩ ላይ ልዙር ማለቴ የኔው ሞኝነት ነው። እርስዎና ልጅዎ ጭቃ ውስጥ ገብታችሁ ስትገፉኝ፣ "ልጅ ሊወስድ መጥቶ እናቲቱን ጭቃ አለበሳት" የሚባልልኝ መስሎኝ ነበር። እርስዎ ግን ሳቁ። ለሳቁም፣ ለተጠበሰው ዓሣም፣ ለበቆሎ ቂጣውም አመሰግናለሁ።

በር ላይ ስትሸኙኝ፣ የዩኒቨርሲቲያችን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን አያሸንፍም ይባላል፣ እውነት ነው ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። እስከ ካንሳስ ድረስ ሳስበው መጣሁ።

አዎ፣ እውነት ነው። ቡድናችን አያሸንፍም። በጣም ይሸነፋል ማለትም አይደለም። በጣም መጥፎ ብንሆን ሰው ቢያንስ ያስታውሰን ነበር። እኛ አምስት አሸንፈን ስድስት እንሸነፋለን፤ ከርሞ ስድስት አሸንፈን አምስት እንሸነፋለን። ሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ነብር ነን፣ ድብ ነን ይላሉ፤ እኛ ሽመላ ነን። ውሃ ውስጥ በአንድ እግሯ የምትቆም ወፍ ማን ይፈራል? እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ተምሬ፣ ለዚሁ ቡድን ተጠባባቂ ሆኜ አብዛኛውን ጊዜዬን አግዳሚ ወንበር ላይ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። አባቴ ኤልመር የስንዴ ገበሬ ነው። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ስታዲየሙ ውስጥ አንድ ወንበር አለው። ኦገስት ላይ "ዘንድሮ ነው" ይላል፤ ኖቬምበር ላይ "ከርሞ ነው" ይላል።

ልጅዎን ያየሁት ዓርብ ማታ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ነው። ኳስ ታቅፎ የሚሮጥ ልጅ ብዙ አይቻለሁ፤ ሥራዬ ለዩኒቨርሲቲያችን እንዲህ ያለ ልጅ መመልመል ነው። ሌሎቹ ግድግዳ ሊያፈርሱ ይሮጣሉ። ላቬል ግን በር እስኪከፈትለት የሚጠብቅ ሰው ይመስላል፤ ሲከፈት ደግሞ ገብቶ ሄዷል። እንዲህ ያለ ልጅ ለምን ወደ እኛ ይመጣል ለሚለው አጥጋቢ መልስ የለኝም። ብቻ ቢመጣ በዚህ ከተማ ስሙን የማያውቅ አይኖርም።

አክባሪዎ
ሮይስ ሃዳዌይ


ኮልደር፣ ሚሲሲፒ
ኖቬምበር 17 ቀን 1985

ለአቶ ሮይስ ሃዳዌይ

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጎማዎ የቆፈረውን ላቬል ሞልቶታል፤ አይጨነቁበት። የዘገየሁት ደብዳቤዎ ጠፍቶ አይደለም። የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምነዳ ሰው ነኝ፤ ጠዋት ልጆች ስለቅም፣ ከሰዓት ስበትን፣ በመሀል ደግሞ እንደ እርስዎ ያሉ የየዩኒቨርሲቲውን መልማዮች ስቀበል ነው የከረምኩት። ቤቴ ባቡር ጣቢያ ሆኗል። ሁሉም ደግሞ ዓሣ ይወዳል።

አንዱ መጥቶ የሟች ባለቤቴ የክላይድ ወንበር ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና፣ "እማማ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ልጅሽን በቴሌቪዥን ታዪዋለሽ" አለኝ።

"አሁንም እያየሁት ነው" አልኩት። "ያውልህ፣ ቆሻሻ ሊደፋ እየወጣ ነው።"

አልሳቀም። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ነው የላከው፤ ስሙን ብነግርዎ ይደነግጣሉ።

በደብዳቤዎ "አያሸንፍም" ያሉትን ለላቬል አነበብኩለት። ጥቂት ፈገግ አለ። ልጄ ዝም ያለ ነው፤ ዝምታውን እንደ እሺታ የሚቆጥርበት ሰው ብዙ ነው፤ እርስዎ እንዳይሳሳቱ። ባለፈው ሳምንት በስልክ ጉልበቱ ቢጎዳስ ብዬ ስጠይቅዎ የመለሱልኝ አልጣመኝም፤ ሐኪማችን ጥሩ ነው ማለት መልስ አይደለም። እኔ የምጠይቅዎ ሐኪሙን አይደለም። ልጁ ኳስ መጫወት ቢያቆም፣ በምንም ምክንያት ቢሆን፣ ትምህርቱ ምን ይሆናል? ስልክ ላይ ሰው ሁሉ አፈ ቅቤ ነው፤ ስለዚህ ይጻፉልኝ።

ኦዴሳ ቲለሪ


ቴልፎርድ
ጃንዋሪ 9 ቀን 1986

ለተከበሩ ወይዘሮ ኦዴሳ

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰዎ። እዚህ ነፋሱ ሰው ያንገዳግዳል፤ ከዚህ ሌላ ደህና ነን።

ጻፉ ብለውኛልና ልጻፍ። ሶፋዎ ላይ የተቀመጠው ሁሉ "አራት ዓመት ሙሉ በነጻ ይማራል" እንዳለዎ እገምታለሁ። እኔም እንደዚያ እንድል ነው የተነገረኝ። ወረቀቱ ግን የሚለው አንድ ዓመት ነው። በየዓመቱ በጁላይ ይታደሳል፤ የሚያድሰው ዋና አሰልጣኙ ነው። እኛ ጋ አቶ በርል ማክኒት ይባላሉ። ላቬል ጉልበቱ ቢጎዳ እንደሚያድሱለት አምናለሁ፤ የተጎዳ ልጅ ሲያባርሩ አይቼ አላውቅም። በራሱ ፈቃድ ቢያቆም ግን ላያድሱ ይችላሉ፤ እኔም ላስገድዳቸው አልችልም። የተጫዋቾች ተራ መልማይ ነኝ። ከደጃፋቸው ቆሜ እለምናለሁ ማለት እችላለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ቃል ብሰጥዎ ውሸት ይሆናል።

ይህን መጻፌን አለቃዬ ቢያውቁ ደስ አይላቸውም። እርስዎ ግን ጠየቁኝ።

ላቬልን ሰላም ይበሉልኝ። በሌላ ቦታ ለመፈረም ከወሰነም ቅር አልሰኝም ብል ደግሞ እሱም ውሸት ነው።

ሮይስ ሃዳዌይ


ኮልደር
ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1986

አቶ ሃዳዌይ

መቼም በስልክ ሰምተውታል። ረቡዕ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ፈረመ። ርእሰ መምህሩ የትልቁን ዩኒቨርሲቲ ባርኔጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ፎቶ አንሺ ጠርተው ነበር። ላቬል ባርኔጣውን አንስቶ፣ "ይቅርታ ጌታዬ፣ ይኼ የሌላ ሰው ነው" ብሎ መለሰላቸውና የናንተን ወረቀት ከኪሱ አወጣ። ከተማው እስከ ዛሬ አኩርፎናል። አውቶቡሴ ውስጥ ያሉ ሕፃናት ሳይቀሩ "እትዬ ኦዴሳ፣ እውነት ነው ለወፎቹ ፈረመ?" ይሉኛል።

ለምን እንደመረጣችሁ አይጠይቁኝ። እኔን አልነገረኝም፤ ወይም ነግሮኝ ይሆናል፣ እኔ ግን እዚህ ላይ አላሰፍረውም።

የላኩልኝን የጋዜጣ ቁራጭ ግን አልወደድኩትም። "አዳኛችን መጣ" ይላል። አቶ ሃዳዌይ፣ እኛ ቤተ ክርስቲያን የሚታወቅ አዳኝ አንድ ነው፤ እሱም የኮልደር ልጅ አይደለም። የኔ ልጅ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ካልሲውን የትም ይጥላል። ለጋዜጠኛው ይንገሩልኝ።

በኦገስት ራሴ አመጣዋለሁ ብዬ ነበር፤ ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ጊዜ ስለሆነ አውቶቡሱን የሚይዝልኝ የለም። ብርድ ልብስ አስይዤ እልከዋለሁ። አደራ።

ኦዴሳ


ቴልፎርድ
ሴፕቴምበር 22 ቀን 1986

ለተከበሩ ወይዘሮ ኦዴሳ

እንዴት ብዬ ልጀምር! ሦስት ተጫውተን ሦስቱንም አሸነፍን። እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ላቬል ቅዳሜ ያደረገውን በሬዲዮ ሰምተው ከሆነ ሬዲዮው አሳንሶታል።

ከተማው አብዷል። ፀጉር አስተካካያችን መስኮቱ ላይ የላቬልን ቁጥር፣ ሃያ ሁለትን፣ በቀይ ቀለም ጽፏል። አንድ የአባቴ ጎረቤት የተወለደለትን ጥጃ ላቬል ብሎ ሰይሞታል፤ ልጅዎን ወስደው ከጥጃው ጋር ፎቶ አነሷቸው። ሐሙስ ሐሙስ የከተማው ሴቶች ፓይ የሚሉትን የፍራፍሬ ኬክ ጋግረው መኝታ ቤቱ በር ላይ ያስቀምጡለታል። በኛ ቤተ ክርስቲያን አንዲት አሮጊት ስለ ቁርጭምጭሚቶቹ ይጸልያሉ፤ ለቀኙ ለብቻ፣ ለግራው ለብቻ።

በስልክ ስለ እንቅልፉ ለጠየቁኝ፦ የሚያሳስብ ነገር ያለ አይመስለኝም። ጎህ ሳይቀድ የሚደውልልዎ ምናልባት ስልኩ ወረፋ የማይኖርበት ያኔ ስለሆነ ይሆናል። ምግብ ይበላል። ትምህርቱንም ይወዳል፤ በተለይ ዋግ ስለሚባለው የስንዴ በሽታ የሚያስተምሩ አንዲት መምህርት አሉ፤ እሳቸው ክፍል ውስጥ ከፊት ነው የሚቀመጠው አሉ። ስለ ኳስ ብዙ አያወራኝም። ዝምታውን እንደ እሺታ እንዳልቆጥር ነግረውኛል፤ አልረሳሁም። ግን ሦስቱንም አሸንፈን ሳለ ምን ብዬ ልጠይቀው?

አባቴ "ዘንድሮ ነው" ማለቱን ትቷል። ዕድሉ እንዳይደነግጥበት የፈራ ይመስላል።

ሮይስ ሃዳዌይ


ኮልደር
ኖቬምበር 10 ቀን 1986

አቶ ሃዳዌይ

መጥቼ ነበር። እርስዎ አላዩኝም፤ እንዲያዩኝም አልፈለግሁም።

ዓርብ ተሳፍሬ ሌሊቱን ሙሉ ተጓዝኩ። ሌላ ሰው በሚነዳው አውቶቡስ መሄድ አላውቅበትም፤ መንገዱን ሙሉ እግሬ ፍሬን ሲፈልግ ነው ያደረው። ስታዲየሙ በር ላይ ትኬት ቆርጬ ገባሁ። ብርዱ ለጉድ ነበር። ወንበሬ አንድ ቀይ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ አጠገብ ሆነ።

"ከሩቅ ነው የመጡት?" አሉኝ።

"ከሚሲሲፒ።"

"አይ! የኛ ልጅም እኮ የዚያ አገር ልጅ ነው! ያውቁታል?"

"ስሙን እሰማለሁ" አልኳቸው።

በዚያ ረድፍ ጥቁር ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሰውዬው ግን ምንም አልጠረጠሩም። የዋህ ሰው ናቸው። መንቀጥቀጤን አይተው የያዙትን ብርድ ልብስ ግማሹን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ከፔርሙሳቸው ሾርባ ቀዱልኝ። "ያንን ልጅ ያመጣው ልጄ ነው" አሉኝ። "ኤልመር ሃዳዌይ እባላለሁ። እርስዎንስ ማን ልበል?"

"ኦዴሳ" አልኩ። የአባት ስም አልጨመርኩም።

ከዚያ የሆነውን ያውቁታል። ኳሱ ከላቬል እጅ ወደቀ። ሁለተኛም ወደቀ። ሾርባ የቀዱልኝ ሰው ብድግ አሉ፤ ፊታቸው ሌላ ሆነ።

"ያዘው እንጂ! እጅ የለህም እንዴ? ለዚህ ነው ያበላንህ? ለዚህ ነው ፓይ የሚጋገርልህ?"

ከኋላችን ያሉት ጎረምሶች ደግሞ፣ "ወደ ሚሲሲፒህ!" ማለት ጀመሩ። ረድፉ ሁሉ ተቀበላቸው። ኤልመር ይኼን ሲሰሙ ወደኔ ዞር አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ይቅርታ የኔ እመቤት፤ አገርዎን መንካታችን አይደለም። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው። ብቻ ዘንድሮ ነው ብለን ነበር" አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ብርድ ልብሱ ጉልበቴ ላይ እንዳለ ነው። ልቆጣቸው ፈልጌ አልቻልኩም። በዚያው ላመሰግናቸውም አልቻልኩም።

ላቬልን ካለቀ በኋላ ጥቂት አገኘሁት። "አሁን ገና ደረስኩ፣ ጨዋታውን አላየሁም" አልኩት። ያመነኝ መሰለ። ሁለታችንም እንዲህ ነን።

ወደኋላ አስቤ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። ልጄ ሳይመጣ በፊት እነዚህ ሰዎች ሲሸነፉ ማንን ይሰድቡ ነበር?

ኦዴሳ


ቴልፎርድ
ዲሴምበር 12 ቀን 1986

ለተከበሩ ወይዘሮ ኦዴሳ

ደብዳቤዎ ከመድረሱ በፊት አውቄ ነበር። አባቴ ያን ቀን ማታ እራት ላይ፣ "አንዲት የሚሲሲፒ ሴት አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ ኦዴሳ ትባላለች፤ እንዴት ያለች ጨዋ መሰለችህ" ሲለኝ ሹካዬ ከእጄ ወደቀ። ማን እንደሆኑ እስካሁን አልነገርኩትም። ልነግረው አፌን ስከፍት ስለ ልጁ ማጉረምረም ይጀምራል። ስለ እርሱ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ፤ ምንም እንኳ ይቅርታው የሱ እንጂ የኔ ባይሆንም።

ለጥያቄዎ፦ ማንንም አንሰድብም ነበር። ተስፋ ስላልነበረን እንስቅ ነበር። ተሸንፈን እየቀለድን ወደ ቤት እንገባ ነበር። መሳቅ ያቆምነው ልጅዎ ሲመጣ ነው። ይህን ስጽፍ አሁን ነው የገባኝ።

የውድድር ዘመኑ አለቀ። አምስት አሸንፈን ስድስት ተሸነፍን።

ላቬል ለገና በደህና ደርሶልዎ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ፈተናዎቹን ሁሉ ተፈትኗል፤ ውጤቱም ግሩም ነው። ከዓርብ ጀምሮ ግን አላየሁትም። መኝታ ክፍሉ ሄጄ ነበር። ልጆቹ ለገና ሲሄዱ ብርድ ልብሳቸውን ትተው ነው የሚሄዱት፤ የርሱ አልጋ ግን ባዶ ፍራሽ ነው።

አቶ ማክኒት ትናንት አስጠርተውኝ፣ "አንተ ነህ ያመጣኸው፤ አንተው መልሰው" ብለውኛል። ሁለት ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ልጁ እያጠያየቁ ነው፤ ለዚያ የሄደ መስሏቸዋል። እኔ ግን ይኼን ደብዳቤ የምጽፈው ለእሳቸው ብዬ አይደለም። እርስዎ ጋ እንዳለ ብቻ ይንገሩኝ። ሌላውን ካልፈለጉ አይንገሩኝ።

ሮይስ


ኮልደር
ጃንዋሪ 14 ቀን 1987

ሮይስ

ከዛሬ ጀምሮ አንቱ ማለቴን ትቻለሁ። በዕድሜ ልጄ ልትሆን ምንም አይቀርህ፤ ደግሞም ሰው ፈልጎ ባዶ ፍራሽ ላይ የቆመ ሰው እንግዳ አይባልም።

እኔው ጋ ነው። ቶሎ አልጻፍኩልህም፤ ይቅር በለኝ። "ለማንም አትንገሪ" ስላለኝ ነው።

መጀመሪያ ላይ ይተኛ ነበር፤ ይበላል፣ ይተኛል። ትምህርት ቤት ሲከፈት ጠዋት ተነሥቶ አውቶቡሴ ላይ ወጣና ከኋላዬ ተቀመጠ። አልጠየቅሁትም። ልጆቹን ስንለቅም፣ ስናወርድ፣ ባዶውን አውቶቡስ ስንመልስ እዚያው ነው። ሰው ፊቱን በማያይበት ይናገራል ብዬ መስተዋቱን ወደ ላይ አዞርኩት። እውነትም ተናገረ።

"ማማ፣ ስድቡ አይደለም" አለኝ። "የስድብ ልምድ አለኝ። ኳሱ ሲወድቅብኝ ቀና ብዬ አያቸዋለሁ። ሽማግሌዎች ናቸው። የቤታቸውን ዕቃ የሰበርኩባቸው ይመስለኛል።"

"እነሱ ናቸው እንጂ የሰደቡህ!"

"ደጎች ናቸው እኮ። እሱ ነው የከበደኝ። ፓይ ያመጣሉ። ጥጃ ይሰይማሉ። በአሥራ ስምንት ዓመቴ አባቶቻቸው ሳያዩት የሞቱትን ድል እንድሰጣቸው ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ ሩጫ ብቻ ነው የማውቀው።"

ወደ ትልልቆቹ ሊሄድ አይደለም። ያንን ለአለቃህ ንገረው። ወደ ቴልፎርድ መመለስ ይፈልጋል፤ ስለዚያች የስንዴ መምህርት ሲያወራ ዓይኑ ይበራል። ዋግ በነፋስ ተጭኖ ከቴክሳስ እስከ ካናዳ እንደሚሄድ ታውቃለህ? እኔ አሁን አውቃለሁ፤ እራት በበላን ቁጥር እሰማለሁ። መማር ይፈልጋል። ኳስ ግን በቃኝ ብሏል።

እንግዲህ የጻፍክልኝን አልረሳሁትም። ማስገደድ አልችልም ብለሃል፤ አልችልም ያልከውንም አልጠይቅህም። ደጃፋቸው ቆሜ እለምናለሁ ያልከውን ግን እጠይቅሃለሁ።

ኦዴሳ


ቴልፎርድ
ጁላይ 8 ቀን 1987

እማማ ኦዴሳ

ቆሜ ለመንኩ። በጃንዋሪ አንድ ጊዜ፣ በማርች አንድ ጊዜ፣ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ። አልፈረሙም። ይህን በስልክ ልነግርዎ ጀምሬ ስለ ሙቀቱ አውርቼ ዘጋሁ፤ እንደገባዎት አውቃለሁ።

"ኳስ ለማይጫወት ልጅ የኳስ ስኮላርሺፕ?" አሉኝ አቶ ማክኒት። "ለደጋፊው ምን ልበለው? ለአባትህስ ምን ትለዋለህ?"

"ከሁሉ ጎበዝ ተማሪያችን ነው እላለሁ።"

"በዚህ ከተማ ለፈተና ውጤት ትኬት የሚቆርጥ ሰው አይተሃል?"

እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ ወደ መምህርቷ ሄድኩ። የስንዴ ሙከራ ማሳው ላይ የሚሠራ ተማሪ ይፈልጉ ነበር፤ ላቬልን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩት። ሥራው የትምህርቱን አብዛኛውን ይሸፍናል፤ ለቀረው ደግሞ በመኝታ ሕንፃው ተቆጣጣሪ ሆኖ ማደሪያው በነጻ ይሆንለታል። እንደ ፊት አይመቸውም። ነገር ግን በሴፕቴምበር ትምህርቱን ይቀጥላል።

እኔን በተመለከተ፦ ከመልማይነት አንሥተው የጨዋታ ፊልም ቆራጭ አድርገውኛል፤ ምድር ቤት መስኮት የሌለው ክፍል ነው። ሥራዬን ልልቀቅ ብዬ አስቤ ነበር። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ከኳስ ሌላ የማውቀው የለም። አልለቀቅሁም። ከዚህ የበለጠ ጀግና ነኝ ብዬ ልዋሽዎ አልፈልግም።

ለአባቴ ነገርኩት፤ የላቬልንም፣ የእርስዎንም። ሳህኑን ገፋ አደረገና ወጣ። መኪናው ውስጥ ሞተር ሳያስነሣ ብዙ ቆየ። እናቴ በመስኮት እያየች፣ "ተወው፣ እያሰበ ነው" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር ስለ ዝናብ ብቻ ነው የሚያወራው።

ሮይስ


ኮልደር
ኦክቶበር 25 ቀን 1987

ሮይስ ልጄ

ሚስትህና ልጆችህ ደህና ናቸው? ምድር ቤቱስ ለመድኸው? ስለ ራስህ በጠየቅሁህ ቁጥር ስለ ላቬል ትመልስልኛለህ፤ አሁን ግን እኔ የማውቀውን አንተ የማታውቅ ይመስለኛል።

አባትህ ማሳው ድረስ ሄደው ነበር። ላቬል ነው በስልክ የነገረኝ። ተደፍቶ ቅጠል ሲያይ ቀና ቢል፣ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው አጥሩ ጋ ቆመዋል። ላቬል ስድብ መስሎት ጠበቀ። እሳቸውም ጠበቁ። በመጨረሻ ከኪሳቸው የስንዴ ቅጠል አወጡና፣ "ይኼ ቢጫ ነገር ዋግ ነው?" አሉት።

"አይደለም ጌታዬ፤ ውሃ በዝቶበት ነው።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"በጣትዎ ይሹት። ዋግ ቢሆን ይለቅብዎት ነበር።"

ሽማግሌው በጣታቸው አሹት፤ ጣታቸው ንጹሕ ነው። "እንግዲያው ተርፌያለሁ" አሉት። በሌላው ሳምንት ደግሞ ሌላ ቅጠል ይዘው መጡ። አሁን በየሳምንቱ ይመጣሉ። ላቬል እንደሚለው አንዳንዱ ቅጠል ምንም የለበትም። ስለ ኳስ አንድም ቀን አላነሡም፤ ይቅርታም አላሉትም።

እኔ ይቅርታ እፈልግ ነበር፤ እውነቱን ልንገርህ። ላቬልን ግን፣ "ይቅርታ አትፈልግም?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ማማ፣ በዚህ ብርድ እየመጡ እኮ ነው" አለኝ።

ኦዴሳ


ቴልፎርድ
ጃንዋሪ 15 ቀን 1989

እማማ ኦዴሳ

መጻፍ ካቆምኩ ወራት አለፉ፤ ይቅር ይበሉኝ። የምጽፈው ደህና ወሬ እስኪኖረኝ እየጠበቅሁ ነበር።

አቶ ማክኒት ተሰናበቱ። ደጋፊው ጮኾ አስወጣቸው። ባለፈው ሐሙስ ዕቃቸውን ሲጭኑ ረዳኋቸው፤ ልጃቸው የሰጠቻቸውን የሸክላ ሽመላ በጋዜጣ ጠቅልለው ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጡት። አሳዘኑኝ። አዲሱ አሰልጣኝ ወጣት ነው፤ ከምድር ቤት አውጥቶ ወደ መልማይነቴ መልሶኛል። "ዘንድሮ አገሩን የሚያስደንቅ ሯጭ አምጣልኝ" ብሎኛል። ፀጉር አስተካካያችን ገና ከአሁኑ መስኮቱን ወልውሎ፣ "ቁጥሩ ስንት ነው?" እያለ ይጠይቀኛል።

ላቬልን አየዋለሁ። መጽሐፍ ታቅፎ ግቢውን ሲያቋርጥ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሰላም ሲለኝ ቀልጠፍ ብሏል፤ ያወራል እንኳ።

የምጽፈው ለአንድ ነገር ነው። ከእናንተ ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ፣ አርካንሳስ ውስጥ፣ ወይዘሮ ቨርና ፖስተን የሚባሉ እናት አሉ። ልጃቸው ዳሬል ይባላል። እንደ ላቬል አይሮጥም፤ ግን ከላቬል ወዲህ ያየሁት ሯጭ እሱ ነው። ሶፋቸው ላይ ተቀምጬ ስለ ቴልፎርድ ሳወራ ሴትየዋ አቋረጡኝና፣ "ልጇን ለናንተ የሰጠች እናት ላነጋግር እችላለሁ?" አሉኝ። ሌላ እናት ልሰጣቸው እችል ነበር፤ ልጇ ተጫውቶ፣ ተመርቆ፣ ደስ ብሏት የምትኖር አለች። ግን ወደ አፌ የመጣው የእርስዎ ስም ነው።

ስምዎን ልስጣቸው? የሚነግሯቸውን ምንም ቢሆን አልጠይቅም።

ሮይስ


ኮልደር
ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1989

ሮይስ ልጄ

ሴትየዋ ደወለችልኝ። እኔ ደግሞ ስልክ ላይ ሰው ሁሉ አፈ ቅቤ ነው እላለሁ፤ ስለዚህ ራሴ ነድቼ ሄድኩ። ቨርና ዶሮ ማረጃ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ እጆቿ ቆስለዋል። ልጁ ቀልደኛ ነው፤ ዕቃ ሲያጥብ ይዘፍናል። ወደድኩት።

ሁሉንም ነገርኳት። አንድ ነገር አላስቀረሁም። የአንተን እውነተኛነት ነገርኳት፤ የፓይውን፣ የጥጃውን፣ የስታዲየሙን፣ "ለዚህ ነው ያበላንህ" የተባለውን ነገርኳት። ሾርባ የቀዱልኝም የሰደቡትም ያው አንድ ሰው፣ ያው አንድ አፍ እንደሆነ ነገርኳት። አባትህ በየሳምንቱ ወደ ማሳው እንደሚሄዱም ነገርኳት።

"ልጅሽን መልሰሽ ትሰጫቸዋለሽ?" አለችኝ።

"አልሰጠኋቸውም" አልኳት፤ "ላክሁት እንጂ። እነሱ ናቸው የተሰጣቸው የመሰላቸው።"

"መልሰሽስ ትልኪዋለሽ?"

ላቬል በዚያ አገር ያገኘውን አሰብኩ፤ ባዶውን ፍራሽ አሰብኩ። "የኔን፣ አዎ" አልኳት። "ያንቺን አላውቅም።"

ቨርና ወደ ማእድ ቤት፣ ልጇ ወደሚዘፍንበት፣ አየት አደረገች። "የኔ ልጅ ስድቡን ይችለዋል" አለች። "እነሱ ተሳድበው ያቆማሉ፣ እሱ ይስቃል። ደግነቱን ነው የማይችለው። ሰው አንድ ፓይ ካመጣለት ለዚያ ሰው አጥንቱ እስኪሰበር ይሮጣል።"

ረቡዕ እዚያው ቅርባቸው ላለች ትንሽ ኮሌጅ ፈረመ። እስካሁን ሰምተህ ይሆናል። በኔ ምክንያት ነው ያጣኸው። ይቅርታ ልልህ ፈልጌ ነበር፤ ሳስበው ግን የሚያጸጽተኝ ነገር አላገኘሁም። ከተናደድክ ተናደድ፤ ብቻ ጻፍልኝ።

ኦዴሳ


ቴልፎርድ
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1989

እማማ ኦዴሳ

አልተናደድኩም። ሐሙስ ዕለት ትንሽ ተናድጄ ነበር፤ ዓርብ ለቀቀኝ።

አዲሱ አሰልጣኝ ጠርቶ፣ "የአርካንሳሱ ልጅ እጃችን ገብቶ አልነበረም? ምን ተፈጠረ?" አለኝ።

"እናቱ ጥሩ ምክር አገኘች" አልኩት።

"ከማን?"

"ከኛው ሰው።"

አፍጥጦ አየኝ። ሌላ ልጅ እንድፈልግ ነግሮኝ ስልኩን አነሣ።

ስለዚህ ትናንት ኦክላሆማ ነበርኩ። ልጁ ማቴዎስ ቢሾፕ ይባላል፤ ሲሮጥ ያየ ሰው እስትንፋሱን ይይዛል። እናቱ አይሪን ይባላሉ፤ ፖስታ ቤት ነው የሚሠሩት። እራት አበሉኝ፤ ብዙ ጠየቁኝ፤ የማውቀውን መለስኩ። ልሄድ ስነሣ በሩን ይዘው ቆሙና፣ ስለ ቴልፎርድ እኔ የማላውቀውን የሚያውቅ ሰው ካለ እንድነግራቸው ጠየቁኝ።

እማማ፣ መንገዱ ከአርካንሳሱ ይበልጥ ይርቅዎታል። ስምዎን ልስጣቸው?

ሮይስ